ዓሣው ላይ የተሳበበ ጥፋት

ከጥሬ ሥጋ ጋር አብረን ያደግን ሰዎች ስለ ትል ሲወራ ብዙም አንደነግጥም። ኮሶ የያዘው ሰው መድኃኒቱን ጠጥቶ ይሽራል፤ በሳምንቱ ልኳንዳ ቤት ቢላዋ ይዞ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ የባሕር ትል ላጫውታችሁ ስነሳ «ትልማ ለእኛ ምኑ ብርቅ ነው?» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ታገሡኝ። ይህኛው የሚሠራው ሥራ ከኮሶ ፈጽሞ ይለያል። ነገሩን ካነበብኩ ወዲህ ዓሣ ያየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ለሰው ሳልነግርም መቀመጥ አልቻልኩም።

ስሙ አኒሳኪስ ነው። በባሕር ዓሣና በስኩዊድ ውስጥ ይገኛል፤ ወደ ሰው የሚገባው እነዚህ በጥሬው ወይም በቅጡ ሳይበስሉ ሲበሉ ነው። ዓሣው ውስጥ ያለው እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነጣ ያለ ቀጭን ክር ይመስላል። ዓሣው ውስጥ ሲተኛ ተጠቅልሎ ክብ ይሠራል፤ በድሮ የእጅ ሰዓት ሆድ ውስጥ ያለችውን ጥምዝ ሽቦ አስቡ። ይህች ክር በሰው ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ታመጣለች። አንዱ የሆድ ሕመም ነው፤ ሌላው አለርጂ። ሁለተኛው የያዘው ብዙ ሰው «ለካ ዓሣ አይስማማኝም» ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ ዓሣው ላይ ይሳበባል፤ ትሉን የሚጠረጥር የለም።

ቤት የተሳሳተ እንግዳ

አድጎ የጨረሰው አኒሳኪስ የሚኖረው በዓሣ ነባሪና በዶልፊን ጨጓራ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከእንስሳው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ባሕር ውስጥ ይበተናል፤ እዚያው ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ የወጣውን እጭ ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት ይውጡታል። እነሱን ዓሣና ስኩዊድ ይበሏቸዋል፤ ትንሹን ዓሣ ደግሞ ትልቁ ይውጠዋል። በእያንዳንዱ ጉርሻ እጩ ከአንዱ ሆድ ወደ ሌላው ይሸጋገራል እንጂ አይሞትም። የሚጠብቀው ዓሣ ነባሪ ወይም ዶልፊን መጥቶ ያለበትን ዓሣ እስኪውጥለት ነው። ያኔ ቤቱ ይገባል፣ ያድጋል፣ ይራባል።

ሰው ዓሣ ነባሪውን ቀድሞ ዓሣውን ከወሰደ ግን ይህ ጉዞ መሃል ላይ ይቋረጣል። ከኮሶ ጋር ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። የኮሶ ትል ቤቱ እኛ ነን። ከብቱ መሸጋገሪያው ነው፤ የሚያድገውና እንቁላል የሚጥለው በሰው አንጀት ውስጥ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊኖር ይችላል፤ የሚያኖረውን ሰው ቢጎዳ አይጠቅመውም። አኒሳኪስ ግን ቤት የተሳሳተ እንግዳ ነው። በእኛ ሆድ ውስጥ ማደግም መራባትም አይችልም፤ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ከመሞቱ በፊት ግን የጨጓራውን ወይም የአንጀቱን ግድግዳ በሚያመነጨው አሟሚ ፈሳሽ እያለሰለሰ በጭንቅላቱ ይቦረቡራል። ሰውዬውን የሚያሳምመው ይህ ነው።

ከራት በኋላ

አንድ ሰው ጃፓን ውስጥ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ራቱን በላ እንበል። ያዘዘው በጨውና በአቼቶ የተዘጋጀ ማከሬል ነው፤ ጃፓኖች ሺሜ ሳባ ይሉታል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከእምብርቱ በላይ አንድ ነገር ጨምድዶ ይይዘዋል። ይለቀዋል፤ ደግሞ ይይዘዋል። ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል። ጨጓራዬ ተነሳብኝ ብሎ የሚያስታግስ ነገር ይውጣል፤ አይመለስለትም። የጨጓራው ዓይነት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ልምድ ያለው ሐኪም ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን በላህ? መቼ?» ብሎ ነው። ከዚያ በአፍ በኩል ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ኢንዶስኮፒ የምንለው ነው። በስክሪኑ ላይ የጨጓራው ግድግዳ ይታያል፤ ሐምራዊ፣ እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ። አንድ ቦታ ላይ ቀልቶ አብጧል። ከዕብጠቱ መሃል ነጭ ክር ወጥቷል፤ አንደኛው ጫፉ ሥጋ ውስጥ ተቀብሯል፣ ሌላው ይወዛወዛል። ሐኪሙ በቱቦው ውስጥ ትንሽ መቆንጠጫ አሳልፎ ክሩን ይይዝና ቀስ ብሎ ይነቅለዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰቃይ የነበረው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይቀልላል። ምርመራውና ሕክምናው በአንድ ቱቦ በአንድ ጊዜ አለቀ ማለት ነው።

ትሉ ጨጓራን አልፎ አንጀት ከደረሰ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ሕመሙ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ እስከዚያ ሰውዬው የበላውን ረስቶታል። አንጀቱ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይዘጋል። ሕመሙ ትርፍ አንጀት ስለሚመስል በስህተት ለቀዶ ሕክምና የገቡ ሰዎች አሉ። የበላችሁትን ለሐኪም መንገር ስንት ነገር እንደሚያተርፍ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሆላንዶች ምን አደረጉ?

ይህ በሽታ በሰው ላይ በግልጽ የተለየው በኔዘርላንድስ ነው። ሆላንዶች ጨው በስሱ የነካው ለጋ ሄሪንግ ይወዳሉ፤ ጭራውን ይዘው ቀና ብለው ወደ አፋቸው እያወረዱ ይበሉታል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሄሪንግ በልተው በከባድ የሆድ ሕመም ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች ታዩ። በ1960 እ.ኤ.አ. ቫን ቲል የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጥፋተኛው ከሄሪንግ የሚመጣው ትል መሆኑን ጽፎ አሳወቀ።

ግን ሕዝቡ ሄሪንግ ሲበላ ዘመናት አልፈዋል፤ ለምን ያን ጊዜ? የተሰጠው ማብራሪያ ይኸውላችሁ። ቀድሞ ዓሣ አጥማጆቹ ሄሪንጉን እንዳወጡ ባሕር ላይ ሳሉ ሆድ ዕቃውን አውጥተው ጨው ያደርጉበት ነበር። በኋላ ግን ዓሣውን በበረዶ አቀዝቅዞ ሆዱን ሳይከፍቱ ወደብ ማድረስ ተለመደ። እጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚተኛው ሆድ ዕቃው ላይ ነው፤ ዓሣው ከሞተ በኋላ ግን ሆድ ዕቃውን ለቆ ወደ ሥጋው ሊገባ ይችላል። በዓሣው ሞትና በሆዱ መከፈት መካከል የተጨመረችው ጊዜ ለትሉ መንገድ ከፈተችለት።

መፍትሔው ሰውን ከሚወደው ምግብ አላጣላም። በ1968 እ.ኤ.አ. ሄሪንግ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በረዶ ሆኖ እንዲቆይ በሕግ ተደነገገ፤ በሽታውም ከአገሪቱ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ሆላንዶች ዛሬም ሄሪንጋቸውን እንደ ድሮው ይበላሉ። ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

እንደ ሳማ የሚለበልበው

እስካሁን ያወራነው ስለሚቦረቡረው ትል ነው። ሁለተኛው ችግር የሚነሳው ሰውነታችን ትሉን ሲያስታውሰው ነው።

ሰውነታችን አይጂኢ የሚባል አንቲቦዲ አለው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህ መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ ትላትልን ለመዋጋት የኖረ ነው ብለው ያምናሉ። አኒሳኪስ ግድግዳ መቦርቦር ሲጀምር የሰውነት ዘብ የትሉን ፕሮቲኖች መልክ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ ያው ፕሮቲን ሲመጣ ማስት ሴል የሚባሉት ሕዋሳት ሂስታሚን ይረጫሉ። ቆዳ ሳማ እንደነካው እየተነፋ ያሳክካል፤ ከንፈርና የዓይን ቆብ ያብጣል። ሲብስ ጉሮሮ ይጠባል፣ ደም ግፊት ይወርዳል። ይህ አናፊላክሲስ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

በ1990 እ.ኤ.አ. ካሱያ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ማከሬል በልተው ሽፍታ የወጣባቸውን ሰዎች መረመሩ። ሕመምተኞቹ አለርጂያቸው የማከሬል እንደሆነ ያምኑ ነበር። ምርመራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያመለከተው ወደ አኒሳኪስ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከስፔን፣ በተለይ ከባስክ ግዛት፣ በትሉ ምክንያት አናፊላክሲስ የያዛቸው ሰዎች ታሪክ ይወጣ ጀመር። ስፔኖች በአቼቶ የተዘፈዘፈ ጥሬ አንቾቪ ይወዳሉ። ሆዱን እያመመው በዚያው ቀን ሽፍታ የሚወጣበት ሰው ስለበዛ የስፔን ሐኪሞች ለዚህ ቅልቅል በሽታ የራሱን ስም ሰጡት፤ ጨጓራና አለርጂን በአንድ የያዘ ስም።

እንግዲህ ዓሣ በልቶ ሽፍታ የወጣበት ሰው ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉት። ለየብቻ እንያቸው።

የመጀመሪያው የዓሣ አለርጂ ነው። ይህ ያለበት ሰው የማይስማማውን ዓሣ ጥሬም ሆነ የበሰለ ሲበላ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳበታል፤ በየጊዜውም ይደጋገማል።

ሁለተኛው የሂስታሚን መመረዝ ነው። እንደ ማከሬልና ቱና ያሉ ዓሦች ሳይቀዘቅዙ ከቆዩ ባክቴሪያ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ያከማቻል። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያሳክከዋል። አለርጂ ይመስላል፤ ግን መርዝ ነው። ከአንዱ ሳህን የበሉት ብዙዎቹ በአንድነት ይታመማሉ። ሂስታሚንን ማብሰልም አያጠፋውም።

ሦስተኛው የኛው ትል ነው። ሰውዬው ያን ዓሣ አሥር ጊዜ በልቶ ደህና ነበር፤ በአሥራ አንደኛው ተነሳበት። ዓሣው ጥሬ ወይም በአቼቶ ብቻ የተዘጋጀ ነበር። ሽፍታው ከሰዓታት በኋላ መጣ፤ አብሮትም ሆዱን አመመው። አብረውት የበሉት ምንም አልሆኑም፣ ምክንያቱም ትሉ የነበረው በእሱ ጉርሻ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ የሰማ ሐኪም አኒሳኪስን ሊጠረጥር ይገባል።

የደም ምርመራ አለ፤ ግን ብቻውን አይፈርድም። የአኒሳኪስ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ከሌሎች ፍጥረታት ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላሉ፤ ከሽሪምፕ፣ ከቤት አቧራ ጥቃቅን ተባዮች፣ ከወስፋትም ጭምር። በልጅነቱ ወስፋት የተመላለሰበት ሰው፣ በእኛ አገር ስንቶቻችን እንደሆንን አስቡት፣ የአኒሳኪስ ምርመራው አሳሳች ውጤት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የደም ውጤቱ ከሰውዬው ታሪክ ጋር አብሮ መነበብ አለበት።

ትሉ ሞተ ማለት ጠፋ ማለት ነው?

እኔን እጅግ የገረመኝ ክፍል ይህ ነው። እሳትና በረዶ ትሉን ይገድሉታል። የሞተ ትል አይቦረቡርም፤ ስለዚህ የሆድ ሕመሙ አይመጣም። ከትሉ ፕሮቲኖች ዋና ዋናዎቹ አለርጂ አምጪዎች ግን ሙቀትን ይቋቋማሉ። ሬሳው ሥጋው ውስጥ አለ፤ ፕሮቲኑም ከሬሳው ጋር አለ።

ታዲያ አለርጂ ያለበት ሰው የበሰለ ዓሣ ቢበላ ይታመማል? ከስፔን የተሰበሰበው ልምድ እንደሚያሳየው አብዛኞቹ ሕመምተኞች በደንብ በረዶ ሆኖ የቆየ ወይም የበሰለ ዓሣ ያለ ችግር ይበላሉ። ጥቂቶች ግን በሞተውም ትል ይነሳባቸዋል። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለየው የአለርጂ ሐኪም ነው፤ ቤት ውስጥ በሙከራ የሚታወቅ ነገር አይደለም።

አለርጂው እንዲመጣ ትሉን መብላት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ የዓሣ ማዘጋጃ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከሠራተኞቹ መካከል ለአኒሳኪስ የአለርጂ ምልክት የተገኘባቸው ለዓሣው ከተገኘባቸው በለጡ። እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲበልቱ የሚውሉ፣ በእጃቸው የሚነኩት፣ ብናኙንም የሚተነፍሱ ናቸው።

የሚገድለውና የማይገድለው

አቼቶ አይገድለውም፤ እንዲያውም በአቼቶ ውስጥ ለቀናት መቆየት ይችላል። ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተፈጠረው የጨጓራን አሲድ ችሎ እንዲኖር ነው። ሎሚም፣ ዋሳቢም፣ እኛ የምንተማመንባቸው ሚጥሚጣና አዋዜም አይገድሉትም። ስስ ጨውም እንዲሁ፤ ሆላንዶች ዋጋ ከፍለው የተማሩት ነው።

የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ጠንካራ ቅዝቃዜ። የዓሣው ውስጡ ድረስ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ ትሉ ይሞታል። በጥሬው የሚበላ ከሆነ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ዓሣው እስከ ውስጡ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሆኖ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆይ ያዝዛል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መመሪያ ደግሞ በዚያው ቅዝቃዜ ሰባት ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ 15 ሰዓት ይላል። ስፔን በ2006 እ.ኤ.አ. ምግብ ቤቶች በጥሬው የሚያቀርቡትን ዓሣ በረዶ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ድንጋጌ አወጣች።

የቤት ፍሪዘርን ግን አትመኑት። ብዙዎቹ እዚያ ቅዝቃዜ ላይ አይደርሱም፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚውልበት ቤት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ቤት ውስጥ የሚያስተማምነው ምጣዱ ነው።

ሱሺ ለሚወዱ፣ በተለይም በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ ላላችሁ፣ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ዛሬ ሱሺ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ብርቱካናማውን ሳልመን ነው። ጃፓኖች ግን በጥንት ልማዳቸው ሳልመን በጥሬው አይበሉም ነበር፤ በባሕራቸው የሚጠመደው ሳልመን ትል እንዳለበት ያውቃሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኖርዌይ ሰዎች በእርባታ ያሳደጉትን ሳልመን ይዘው ጃፓን ገቡ። ያ ዓሣ የሚኖረው በተዘጋጀ መኖ ነው፤ ትሉን የተሸከሙትን ትንንሽ ፍጥረታት ስለማይበላ በትሉ የመያዝ ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው። ጃፓኖችን ለማሳመን ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ ተሳካ። ስለዚህ ምግብ ቤት ስትገቡ «ይህ ዓሣ በረዶ ሆኖ ነበር? የእርባታ ነው የባሕር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው አያስቀይመውም።

ወደ ሐይቃችን ስንመለስ

ሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጀልባዎቹ ይገባሉ፤ ወጣቶች ቆሮሶውን ቆዳውን ገፍፈው ፊሌቶውን በስል ቢላዋ በቅጽበት ያወጡታል። ሆድ ዕቃው ይጣላል፤ አባ ኮዳ እየተሻማ ይለቅመዋል። እዚያው ጥሬውን ፊሌቶ በዳጣ የሚበላ ሰውም አለ።

አኒሳኪስ የባሕር ስለሆነ ሐዋሳና ዝዋይ የለም። ዘመዱ ግን አለ። ኮንትራሲኩም ይባላል፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሣ ውስጥ የአገራችን ተመራማሪዎች ደጋግመው አግኝተውታል። የእሱ ቤት ዓሣ ነባሪ ሳይሆን ዓሣ በል ወፎች ናቸው፤ ፔሊካንና ኮርሞራንት። እጩ በቆሮሶና በአምባዛ ሆድ ዕቃ ውስጥና በልባቸው ዙሪያ ይገኛል። ሰው ላይ የታየው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ በአኒሳኪስ ልክ አያስፈራም። ሆኖም የሆላንዶቹ ትምህርት እዚህም ይሠራል፤ የዓሣው ሆድ ዕቃ ቶሎ ይውጣ፣ ሥጋው ይታይ፣ ይብሰል። ለብለቡም ቢሆን እስከ ውስጡ ሙቀት ይግባው።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ዓሣ እንድትፈሩ አይደለም። ዓሣ መልካም ምግብ ነው። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ዓሣ ከበላችሁ በኋላ ሆዳችሁን አጥብቆ ካመማችሁ ወይም ሽፍታ ከወጣባችሁ ለሐኪሙ ምን ዓይነት ዓሣ፣ ጥሬ ወይስ የበሰለ፣ በስንት ሰዓት እንደበላችሁ ሳትጠየቁ ንገሩት። ከንፈርና ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ እስኪያልፍ አትጠብቁ፤ በዚያች ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።